ለትንሽ የድር መተግበሪያ የትኛው የመረጃ ቋት ይበቃል?

አንድ የሥልጠና መመዝገቢያ ድረ ገጽ አለ እንበል። ወንበሩ 40 ነው፤ 39ኙ ተይዟል። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከቤቱ ሌላዋ ከቢሮዋ፣ በአንድ ቅጽበት «ተመዝገብ» የሚለውን ይጫናሉ። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያው ይቆጥራል፦ 39 ሰው፣ ቦታ አለ። ስሙን ጽፎ ሳይጨርስ ለሁለተኛዋም ይቆጥራል፦ አሁንም 39 ሰው፣ ቦታ አለ። ሁለቱም «ተመዝግበዋል» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። ሥልጠናው በሚጀመርበት ጠዋት 41 ሰው ይመጣና አንዱ መቀመጫ አጥቶ ይቆማል።

ገጹ ፈጣን ነበር፤ መልኩም ያምር ነበር። የተሳሳተው መረጃው የሚቀመጥበትና የሚጠበቅበት መንገድ ነው። ስለ መረጃ ቋት ምርጫ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፍጥነትና ዝና ነው። ለትንሽ መተግበሪያ ግን ዋናው ጉዳይ እንዲህ ያለችው ቅጽበት ናት።

ጥያቄውን ያከበደው ምክሩ የሚመጣበት አቅጣጫ ይመስለኛል። በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ተጠቃሚ ያላቸው ኩባንያዎች የገጠማቸውን ችግርና ያገኙትን መፍትሔ በሰፊው ይጽፋሉ። ጀማሪው ያንን ያነብና ለሌለበት በሽታ መድኃኒት ይገዛል። እዚህ የምናወራው አንድ ወይም ሁለት ሰው ስለሚሠራው፣ ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ሰው ስለሚጠቀምበት መተግበሪያ ነው።

## የመረጃ ቋት ከተራ ፋይል በምን ይለያል?

የመረጃ ቋት መረጃ የሚያከማች፣ ሲጠየቅ ፈልጎ የሚያቀርብና እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ሶፍትዌር ነው። ተራ ፋይል እንደ መደርደሪያ ነው፤ ማንም መጥቶ ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያደበላልቃል። የመረጃ ቋት ግን መደርደሪያውም የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛም ነው። ባለጉዳዩ መደርደሪያው ድረስ አይገባም፤ በመስኮት ይጠይቃል፣ ሠራተኛው ያወጣለታል። ሁለት ሰው አንድ መዝገብ ቢፈልግ ተራ ያስይዛል። ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ ግማሹ የተጻፈ ገጽ በመዝገቡ ውስጥ ትቶ አይሄድም።

መተግበሪያው ጥያቄውን የሚያቀርብበት ቋንቋ በአብዛኛው ኤስኪውኤል ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በአይቢኤም ተመራማሪዎች እጅ የተወለደ ሲሆን እስካሁን የሚተካው አልተገኘም። ጥንካሬው «እንዴት ፈልግ» ሳይሆን «ምን ፈልግ» የሚባልበት መሆኑ ነው። «በዚህ ወር የተመዘገቡትን አቅርብ» ይባላል፤ የትኛውን መደርደሪያ ቀድሞ እንደሚያይ የሚወስነው ቋቱ ራሱ ነው።

## በሰንጠረዥ ማስቀመጥ ይሻላል ወይስ በሰነድ?

በሰንጠረዥ የማስቀመጡ ሐሳብ ኤድጋር ኮድ የተባሉ ተመራማሪ በአይቢኤም ሲሠሩ በ1970 ካሳተሙት ጥናት የመጣ ነው። ሠልጣኞች በአንድ ሰንጠረዥ፣ ሥልጠናዎች በሌላ፣ ምዝገባዎች በሦስተኛ ይሰፍራሉ። የምዝገባው ረድፍ የሠልጣኟን ስምና ስልክ አይደግምም፤ የእርሷን መለያ ቁጥርና የሥልጠናውን መለያ ቁጥር ብቻ ይይዛል። በሰነድ የሚያስቀምጡት ቋቶች ደግሞ፣ በ2009 የወጣውን ሞንጎዲቢን የመሰሉት፣ የአንድን ጉዳይ መረጃ ሁሉ በአንድ ጥቅል ማኖርን ያበረታታሉ። በምዝገባው ሰነድ ውስጥ የሠልጣኟ ስም፣ ስልክ፣ የሥልጠናው ርዕስና ቀን አብረው ይቀመጣሉ። ሲነበብ አንድ ጥቅል ማውጣት ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው።

ልዩነቱ የሚታየው መረጃው ሲቀየር ነው። ሠልጣኟ በስድስት ሥልጠናዎች ተመዝግባ ስልኳን ቀየረች እንበል። በሰንጠረዡ አሠራር የሚታረመው አንድ ረድፍ ነው፤ ስድስቱም ምዝገባዎች ወደዚያው ስለሚያመለክቱ አዲሱን ስልክ ያገኛሉ። በጥቅሉ አሠራር ግን ስድስት ቅጂ አለ። ፕሮግራሙ ስድስቱንም ፈልጎ ማረም አለበት፤ አንዱን ከሳተ የሥልጠናው ማስታወሻ ወደ አሮጌው ስልክ ይሄዳል፤ እርሷም ለምን እንዳልደረሳት አታውቅም። በሰነድ ቋትም ቅጂ በመተው በመለያ ቁጥር ማያያዝ ይቻላል። ነገር ግን አብዛኛው መረጃ እንዲህ እየተያያዘ ከሄደ፣ ሠሪው ሰንጠረዥን በእጁ እየገነባ ነው ማለት ነው።

ለሰነድ ቋት የሚቀርበው ሌላው ምክንያት የመረጃውን ቅርጽ አስቀድሞ መወሰን አያስፈልግም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሥራ ሲጀመርም ያስደስታል። ቅርጹ ግን አልጠፋም፤ ከቋቱ ወጥቶ ፕሮግራሙ ውስጥ ገባ እንጂ። ባለፈው ዓመት የተጻፉት ሰነዶች «ስልክ» ይላሉ፤ ዘንድሮ የተጻፉት «ስልክ ቁጥር» ይላሉ፤ ከሁለቱም የቀረባቸው ጥቂቶች አሉ። ይህን ሁሉ አስታውሶ የሚያስተናግደው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ያ ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ሰነድ በእርግጥ የሚስማማበት ቦታ አለ። እያንዳንዱ የተለያየ ጥያቄ የያዘበት መጠይቅ፣ ዓይነቱ በተለያየ ቁጥር ዝርዝሩ የሚለያይ የዕቃ መግለጫ በሰንጠረዥ ዓምድ ውስጥ አልገባም ብሎ ያስቸግራል። ደግነቱ ፖስትግሬስ የተባለው የሰንጠረዥ ቋት ከ2014 ወዲህ በሰንጠረዥ ዓምድ ውስጥ ሙሉ ሰነድ ይቀበላል፤ በሰነዱ ይዘትም በፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ለአብዛኛው ትንሽ መተግበሪያ መልሱ ሰንጠረዥ ነው ስል፣ እንዲህ ያለውን መረጃ ጥሉት ማለቴ አይደለም።

## ሁለት ሰው አንድ ወንበር ሲጠይቅ ምን ይደረጋል?

እዚህ ላይ ትራንዛክሽን የሚባለው ነገር ይመጣል። ብዙ እርምጃዎችን አስሮ እንደ አንድ ድርጊት ማስፈጸም ማለት ነው፤ ወይ ሁሉም ይፈጸማል ወይ አንዱም አይፈጸምም። ክፍያው ተመዝግቦ ወንበሩ ሳይያዝ የሚቀርበት ጊዜ የለም። በ1983 ቴኦ ሄርደርና አንድሬያስ ሮይተር የተባሉ ተመራማሪዎች ጠባዩን በአራት ቃላት ጠቀለሉት። ይዘታቸው ይህ ነው፦ ድርጊቱ አይከፈልም፤ የተቀመጠውን ደንብ አይጥስም፤ አንዱ በሌላው መሃል አይገባም፤ አንዴ ከጸደቀ ኃይል ቢቋረጥም አይጠፋም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ነው። «አንዱ በሌላው መሃል አይገባም» የሚለው ደረጃ ደረጃ አለው፤ ሠሪው ካልቀየረው በቀር ቋቶች ብዙ ጊዜ ከጥብቁ ደረጃ አይጀምሩም። በፖስትግሬስ መነሻ ደረጃ ሁለት ትራንዛክሽኖች ጎን ለጎን ሄደው ሁለቱም 39 ቆጥረው፣ ሁለቱም ስም ጽፈው ሊጸድቁ ይችላሉ። «ትራንዛክሽን ውስጥ አስገብቼዋለሁ» የሚለው መተማመን ታዲያ 41ኛውን ሰው አያስቀረውም።

የሚያስቀረው መቁጠሩንና መጻፉን አለመለያየት ነው። ፕሮግራሙ ቆጥሮ ከማዘዝ ይልቅ ሁኔታውን ከትእዛዙ ጋር አስሮ ለቋቱ ይሰጣል፦ «ቀሪው ወንበር ከ0 በላይ ከሆነ አንድ ቀንስ»። ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ ቅጽበት ቢደርሱ ቋቱ ለመጀመሪያው ረድፉን ይቆልፋል፤ ሁለተኛዋ ትጠብቃለች። ተራዋ ሲደርስ ሁኔታው እንደገና ይታያል፤ ቀሪው 0 ሆኗል። ቋቱ «የተነካ ረድፍ የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ፕሮግራሙም ያንን አይቶ «ይቅርታ፣ ሞልቷል» ይላታል። ቅር ይላት ይሆናል፤ መንገድ ከመጣች በኋላ በር ላይ ከመስማት ግን ይሻላታል።

በዚህ ላይ ለቋቱ ደንብ መስጠት ይቻላል፦ ቀሪ ወንበር ከ0 በታች አይወርድም፤ አንድ ሰው በአንድ ሥልጠና ሁለት ጊዜ አይመዘገብም። ፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት ቢኖር እንኳ ቋቱ እምቢ ይላል። እኔ አዲስ መተግበሪያ ስጀምር ከገጹ መልክ በፊት የምጽፈው እነዚህን ደንቦች ነው።

## ኤስኪውላይት ለድር ይሆናል?

ይሆናል፤ ሲባል ከሚሰማውም በላይ ይሆናል። ሪቻርድ ሂፕ ይህን የሰንጠረዥ ቋት በ2000 ሲሠሩት መነሻቸው ለአንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ይጽፉት የነበረ ሶፍትዌር ነበር። ያ ሶፍትዌር መረጃ የሚያገኘው ከሌላ ሰርቨር ነበርና ሰርቨሩ በቆመ ቁጥር የእርሳቸው ፕሮግራም አብሮ ይቆም ነበር። እርሳቸውም ሰርቨር የማያስፈልገው ቋት ጻፉ። መረጃው በሙሉ በአንድ ፋይል ይቀመጣል፤ ቋቱ ራሱም በመተግበሪያው ውስጥ የሚሠራ ክፍል ነው። የሚጫን፣ የሚነሳ፣ የይለፍ ቃል የሚሰጠው ሌላ ፕሮግራም የለም። ዛሬ በእያንዳንዱ ዘመናዊ ስልክ ውስጥ አለ።

ዋናው ገደቡ በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ መፍቀዱ ነው። ቃሉ ሲሰማ ያስፈራል፤ ስሌቱን ግን አብረን እንሥራው። አንድ ምዝገባ መጻፍ 5 ሚሊሰከንድ ወሰደ እንበል። በሰከንድ 200፣ በሰዓት 720,000 ምዝገባ ማለት ነው። የሥልጠና መመዝገቢያችን በቀን 50 ቢያስተናግድ ነው። የኤስኪውላይት ሠሪዎችም በቀን ከ100,000 በታች ጥያቄ የሚቀርብለት ድረ ገጽ ያለ ችግር ይሠራበታል ይላሉ፤ ቁጥሩንም ራሳቸው ጥንቃቄ የበዛበት ግምት ይሉታል። የራሳቸው ድረ ገጽ የሚሠራው በእርሱ ነው።

ሳይነኩ መተው የማይገቡ ነገሮች ግን አሉት። ከ2010 ጀምሮ ለውጡን አስቀድሞ በተለየ ፋይል የሚጽፍበት አሠራር አለው፤ ያ ሲበራ የሚያነቡት የሚጽፈውን አይጠብቁም። የመጠበቂያ ጊዜ ካልተሰጠው ደግሞ ሁለተኛው ጸሐፊ ተራ ከመያዝ ይልቅ ወዲያውኑ «ቋቱ ተቆልፏል» የሚል ስሕተት ይመልሳል፤ 5 ሰከንድ ጠብቅ ማለት ይህን ያስቀረዋል። በሰንጠረዦች መካከል ያለውን ትስስር መጠበቅም ካልታዘዘ በቀር አይጀምርም። «ዕድሜ» በሚለው የቁጥር ዓምድ ውስጥ «ሃያ» ተብሎ በፊደል ቢጻፍለትም ዝም ብሎ ይቀበላል። ይህን የሚከለክል ጥብቅ ሰንጠረዥ የመጣው በ2021 ነው፤ ሲፈጠር ተለይቶ መጠየቅ አለበት።

በጭራሽ የማይሆንበትም ቦታ አለ። መተግበሪያው በሁለት ሰርቨሮች ላይ የሚሠራ ከሆነ አንድ ፋይል ለሁለት አይበቃም፤ ፋይሉን በኔትወርክ ማጋራትም መቆለፊያው በትክክል ስለማይሠራ መረጃውን ሊያበላሽ ይችላል። ሁለተኛው አደጋ ብዙም አይነገርለትም፤ እኔ የተማርኩት በጉዳት ነው። ለአንድ የንባብ ክበብ የመጽሐፍ ማዋሻ መተግበሪያ ሠርቼ ነበር። ያስቀመጥኩበት አገልግሎት አዲስ የፕሮግራም ቅጂ በተጫነ ቁጥር ዲስኩን ከባዶ ይጀምራል። ይህን ሳላጣራ ሦስት ሳምንት ሠራን። አንድ ቀን ማታ የፊደል ግድፈት አርሜ ሰቀልኩ፤ ገጹ ተከፈተ፤ የመጽሐፉ ዝርዝር ባዶ ነበር። ማን የትኛውን መጽሐፍ እንደወሰደ ሰዎቹን እየዞርን ጠየቅን። ኤስኪውላይትን የሚመርጥ ሰው «ዲስኩ ቋሚ ነው?» ብሎ መጀመሪያ ይጠይቅ።

## ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤልስ?

ሁለቱም ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰርቨር ናቸው፤ ብዙ ጸሐፊ በአንድ ጊዜ ያስተናግዳሉ፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ፖስትግሬስ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ1986 የተጀመረ ሥራ ነው፤ የዛሬውን ሙሉ ስሙን ያገኘው በ1996 ነው። ማይኤስኪውኤል በ1995 በስዊድን ተወለደ፤ ስሙም ከሠሪዎቹ አንዱ ከሚካኤል ቪዴኒየስ ልጅ ከማይ የመጣ ነው። በ2010 ወደ ኦራክል ኩባንያ እጅ ሲገባ ቪዴኒየስ አስቀድመው ማሪያዲቢ የተባለ ቅርንጫፍ አውጥተው ነበር፤ ይህኛው ደግሞ በታናሿ ልጃቸው በማሪያ ተሰየመ።

ማይኤስኪውኤልን ለሚመርጥ አንድ አሮጌ ወጥመድ ልጠቁም። «ዩቲኤፍ8» ይለው የነበረው የፊደል አጻጻፍ ለአንድ ምልክት ከ3 ባይት በላይ አይሰጥም። የግዕዝ ፊደል በዚህ አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ ያልፋል፤ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። አንድ ሰው በአስተያየቱ መሃል ፈገግታ የምታሳይ ምልክት ያስገባ ዕለት ግን፣ እርሷ 4 ባይት ናትና፣ ጽሑፉ አይቀመጥም ወይም ከዚያች ምልክት ጀምሮ ይቆረጣል። ከ2018ቱ ስምንተኛ ቅጂ ጀምሮ መነሻው ሙሉው አጻጻፍ፣ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የሚባለው ሆኗል። አሮጌ ቅጂ ላይ ያለ ሰው ግን ሰንጠረዡን ከመፍጠሩ በፊት ይየው።

የፖስትግሬስ ወጥመድ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ግንኙነት የተለየ ሂደት ያስነሳል፤ ካልቀየሩት በቀር ከ100 በላይ አይቀበልም። መተግበሪያው ለእያንዳንዱ ጎብኚ አዲስ ግንኙነት እየከፈተ የማይዘጋ ከሆነ ይህ ቁጥር በቶሎ ይሞላል። መፍትሔው ጥቂት ግንኙነቶችን ከፍቶ ለሁሉም በየተራ የሚያውስ መካከለኛ ማስቀመጥ ነው።

ከሁለቱ አንዱንም የማያውቅ ሰው ቢጠይቀኝ ፖስትግሬስ እለዋለሁ፤ ደንብ ያከብራል፣ ሰነድም ይቀበላል፣ መመሪያውም ተነብቦ የሚገባ ነው። ማይኤስኪውኤልን ለዓመታት የሠራበት ሰው ግን በሰው ወሬ አይተወው። ሌሊት ላይ ችግር ሲነሳ የሚያድነው የለመደው ነው።

ሬዲስ የተባለው ቋትም ይነሳል። መረጃውን በዋናነት በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ (ራም) ውስጥ ስለሚይዝ እጅግ ፈጣን ነው፤ ለጊዜያዊ ነገር ይጠቅማል። ለትንሽ መተግበሪያ ዋና መዝገብ ይሁን አልልም፤ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አያስፈልግም።

## ነገ ሚሊዮን ሰው ቢመጣስ?

አንድ ሚሊዮን ረድፍ፣ እያንዳንዱ 1 ኪሎባይት ቢሆን፣ 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። በስልክ ውስጥ ያለ የፎቶ ክምችት ከዚህ ይበልጣል። ከላይ የተጠቀሱት ቋቶች በሙሉ ይህን ይሸከማሉ።

ትንሽ መተግበሪያ ሲንቀራፈፍ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ማውጫ ነው። ማውጫ በመጽሐፍ ጀርባ እንዳለው የቃላት ዝርዝር ነው። ያለ እርሱ «ይህ ኢሜይል ያለው ሠልጣኝ ማን ነው?» ሲባል ቋቱ ሚሊዮኑን ረድፍ አንድ በአንድ ያያል። ማውጫ ሲኖር ግን እንደ ዛፍ ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ ይወርዳል። በየመገንጠያው በመቶ የሚቆጠር ቅርንጫፍ ስላለ በ3 ወይም በ4 እርምጃ ይደርሳል። ዋጋው አዲስ ረድፍ በተጻፈ ቁጥር ማውጫውም መታደሱ ነው፤ ስለዚህ በሚፈለግበት ዓምድ ላይ እንጂ በሁሉም ላይ አይደረግም።

ሌላው የተለመደ ጥፋት የ100 ሠልጣኞችን ዝርዝር ለማሳየት 101 ጊዜ መጠየቅ ነው፦ አንዴ ለዝርዝሩ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ስም አንድ አንድ ጊዜ። በአንድ ጥያቄ ሁለቱን ሰንጠረዦች አገናኝቶ ማምጣት ይቻላል። ይህን ሳያርሙ ወደ ሌላ ቋት መሰደድ ችግሩን አብሮ ማጓጓዝ ነው።

## መረጃው ቢጠፋ ምን ይኖረኛል?

ከሁሉ በላይ የማስብበት ጥያቄ ይህ ነው። ጊትላብ የተባለው የፕሮግራመሮች አገልግሎት በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበትን ራሱ በይፋ ጽፎታል። አንድ ባለሙያ ሌላ ማሽን ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ቋት ማኅደር አጠፋ። ቋቱ ፖስትግሬስ ነበር። በየቀኑ ይወሰድ ነበር የተባለው ቅጂ ሲፈለግ የለም፤ ቅጂውን የሚያወጣው መሣሪያ የአሮጌው የ9.2 እትም ሲሆን ቋቱ ግን የ9.6 እትም ስለነበር ለካ ሲከሽፍ ኖሯል። መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በተቀባዩ በኩል ውድቅ እየተደረገ ማንም ዘንድ አልደረሰም። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት አንድ ሰው ለሌላ ሥራ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። የዚያ 6 ሰዓት መረጃ አልተመለሰም።

ቋቱ ጥሩ ነበር፤ ባለሙያዎቹም ጀማሪዎች አልነበሩም። ስለዚህ ማንኛውንም ቋት ስንመርጥ «ቅጂ ይወሰዳል?» ከማለት ይልቅ «ከቅጂው መልሼ ማቆም እችላለሁ?» ማለት ይገባል። ኤስኪውላይት አንድ ፋይል ስለሆነ እየተጻፈበት በተራ መንገድ የሚገለብጠው ብዙ ነው፤ የተበላሸ ቅጂ ሊወጣ ይችላልና በራሱ የመጠባበቂያ ትእዛዝ መውሰድ ያስፈልጋል። ለፖስትግሬስና ለማይኤስኪውኤል የየራሳቸው ቅጂ መውሰጃ መሣሪያ አለ። አገልግሎቱን ከኩባንያ ለሚከራይ ሰው ቅጂ መውሰዱ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ጋር ይመጣል፤ መልሶ ማቆሙን መሞከር ግን የእርሱ ሥራ ነው።

ሙከራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በወር አንድ ቀን የትናንቱን ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያንሱት። የምዝገባዎቹን ብዛት ከዋናው ጋር ያስተያዩ። ከዚያ ትናንት ማታ የተመዘገበውን የመጨረሻ ሰው ስም ይፈልጉ፤ ስሙ ከነስልኩ ከወጣ ቅጂው ይሠራል።